ከልጁ የቀደመ ፊዮኮ

ሰው የሚኖርበትን ከተማ አለማወቁ የሚገለጥለት «አውቀዋለሁ» ብሎ አፉን ሞልቶ በተናገረ ማግስት ነው። ይህን የምላችሁ ከመጽሐፍ አንብቤ ሳይሆን ደርሶብኝ ነው። እኛ የሮም ሐበሾች ደግሞ ባለማወቅ አንታማም። ከመጣ ስድስት ወር የሆነው ሰው ትናንት የመጣውን አስከትሎ፣ «ይሄ አውቶቡስ አይታመንም፣ እዚያ ቢሮ በጠዋት ካልደረስክ አትልፋ፣ ፔርሜሶህን፣ የመኖሪያ ፈቃድህን፣ በኋላ ኪስህ አትያዝ» እያለ ሲያዞረው ብታዩ የከተማው ከንቲባ ይመስላችኋል። ዓመት የሞላው ጠበቃ ነው። አምስት ዓመት የሞላው ጠበቃም ሐኪምም ነው፣ ተለምኖ ነው የሚናገረው። እኔ እንግዲህ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ማዕረጌን እናንተው ገምቱት።

እውነቱን ለመናገር የማውቀው ነገር አልጠፋም። ሥራዬ ባዳንቴነት ነው፤ ልጆቻቸው ጊዜ ያጡ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን አስታምማለሁ። እስካሁን ከአራት ቤት ወጥቻለሁ፣ ከአራቱም የወጣሁት አሠሪዎቼን ቀብሬ ነው። ስለዚህ ሮም ውስጥ ሰው ሲሞት ምን እንደሚደረግ እኔን ጠይቁኝ። የትኛው አበባ እንደሚላክ፣ የሟች ስም ያለበት ባለጥቁር ጠርዝ ወረቀት በሩ ላይ የት ጋ እንደሚለጠፍ፣ ቤተሰቡን ስትጨብጡ ድምፃችሁ ምን ያህል ዝቅ ማለት እንዳለበት አውቃለሁ። ሰው ሲወለድ ምን እንደሚደረግ የሚያሳየኝ ቤት ግን ገጥሞኝ አያውቅም። የጎደለችኝ ይህች ብቻ ነበረች፤ መጉደሏንም አላወቅኩም።

ወደ ነገሬ ልግባ። ቶር ፒኛታራ በሚባል የሮም ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ እማማ ለተብርሃን የሚባሉ የአስመራ ሴት አሉ። ሮም ከገቡ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፣ ሰው ቤት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል፣ አማርኛን የተማሩት በትምህርት ቤት ስለሆነ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ይጠነቀቁለታል። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃ መውረድ ትተዋል። አንዷን ክፍላቸውን ያከራዩት ለትዕግስት ነው። ትዕግስት ከስደተኞች መቀበያ ወጥታ እዚህ ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ባሏ ፖም ለቀማ ወደ ሰሜን ሄዷል፣ ወቅቱ እስኪያልቅ አይመለስም። እናቷ አዲስ አበባ ሆነው ልጄን ላርስ ቢሉ ቪዛ ተከልክለዋል። ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ከዚህ በፊት መንገድ ላይ ሳለች አንድ ጽንስ ወርዶባታል፤ ይህን አንድ ቀን ብቻ ነግራኛለች፣ እኔም ሁለተኛ አልጠየቅኳት።

ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ የእኛ የባዳንቴዎች እረፍት ነው። አንድ ሐሙስ ሄጄ ትዕግስትን ሳገኛት ስልኳ ላይ አቀርቅራለች። የአክስቷ ልጅ አዲስ አበባ ያደረገችውን ቤቢ ሻወር እያየች ነው። ዘንድሮ አዲስ አበባ ያለ ቤቢ ሻወር የሚወለድ ልጅ ሳያፍር አይቀርም። የድግሱ ጭብጥ «ሳፋሪ» ይባላል፤ አንበሳው፣ ቀጭኔው፣ ዝሆኑ ሁሉ ተደርድሯል፣ ሁሉም በልቶ ያደረ ነው። ትዕግስት ፎቶውን በጣቷ እያሰፋች ብዙ ቆየችና፣ «እንዲህ ያለ ነገር ለእኔም ቢደረግልኝ» አለች። ወዲያው ስልኳን ገለበጠችው። «ተዪው አበራሽዬ። ማን አለኝና? ባዶ ወንበር እያየሁ ከምቀመጥ ይቅርብኝ።»

እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ ዝም ማለት አልሆነልኝም። «አንድ ወንበር ባዶ ቢሆን እኔን አበራሽ ብለሽ አትጥሪኝ» አልኳት። ምላስ አጥንት የለው።

እማማ ለተብርሃን ወሬውን ሲሰሙ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ላልተወለደ ልጅ አይደገስም፣ ዕቃውም ከእሱ ቀድሞ ቤት አይገባም። እኔ እያለሁ አይሆንም» አሉ። አሁን እናንተ «የድሮ ሰው እምነት» ልትሉ ነው። በሉ። ነገር ግን አንድ ጊዜ የወረደባት ሴት ፊት ቆማችሁ በሉት እስቲ። ትዕግስት ራሷ ለልጇ አንዲት ካልሲ አልገዛችም፤ በልጆች ልብስ ሱቅ በኩል ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች። ስለዚህ ክርክሩን ትቼ ድርድር ጀመርኩ። «እማማ፣ እርስዎ የከለከሉት የልጅ ዕቃ ነው። የወረቀት አንበሳ የልጅ ዕቃ ይባላል?» አልኳቸው። እሳቸውም ማንኪያቸውን መልሰው አንስተው፣ «የወረቀት አንበሳ ዳይፐር አያደርግም» አሉ። በዚህ ተስማማን፤ ማስጌጥ ተፈቀደ፣ ስጦታ ተከለከለ። ለአሥራ ሁለቱም ተጋባዦች እየደወልኩ «ባዶ እጃችሁን ኑ፣ የያዘ ሰው ከደጅ ነው የሚመለሰው» አልኳቸው። ሐበሻ እንዲህ ተብሎ ተጠርቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሦስት ሐሙሶች ምን ብዬ ልንገራችሁ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንደዚያ የሳቅኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ከአፍሪካ የመጣን ሦስት ሴቶች ሮም ላይ ተቀምጠን «ቀጭኔ ቀንድ አላት ወይስ የላትም» እያልን ስንጨቃጨቅ የሰማ ጣሊያን ምን እንደሚል እንጃ። ትዕግስት በሕይወቷ ያየቻቸው የዱር አራዊት ጅብና ዝንጀሮ ናቸው። እማማ ለተብርሃን ተማሪ ሳሉ አዲስ አበባ ሄደው አንድ አንበሳ አይተዋል፣ ነገር ግን ተኝቶ ነበር፤ ስለዚህ «እኔ የማውቀው አንበሳ ዓይኑን የጨፈነ ነው» ብለው ድርቅ አሉና የእኛም አንበሳ ዓይኑን ጨፍኖ ቀረ። ቀጭኔ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ እሷንም ያየኋት እዚሁ ሮም፣ የእንስሳት መጠበቂያ ውስጥ፣ የሦስተኛዋን አሠሪዬን ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ ነው። ለእኔ የአፍሪካ አውሬ ማለት ቲኬት ተቆርጦ የሚታይ ነገር ነው።

ታች ካለው ፒዜሪያ ያልተነካ የፒዛ ካርቶን ለምነን የቀጭኔዋን አንገት ሠራን። ነጠብጣቧን በቡና ዝቃጭና በነጭ ሙጫ ቀባነው፤ ቤቱ በሙሉ ሳምንት ሙሉ ቡና ቡና ሸተተ። ዝሆኖቹ ከዕንቁላል መያዣ ካርቶን ወጡ፣ ግራጫ ስለሆነ ቀለም እንኳ አልፈለጉም። ጫካውን ከአረንጓዴ ክሬፕ ወረቀት ቆራረጥን። ፈተናው አንበሳው ነበር። ጋማውን በደረቅ ታሊያቴሌ ፓስታ ልሠራ ስጀምር እማማ ለተብርሃን «እህል ነው፣ ነውር ነው» አሉ፤ ፓስታውም የሰማቸው ይመስል ሙጫው ሲደርቅ ተራ በተራ ወረደ። በመጨረሻ አዲስ የወለል መወልወያ ገዝተን ክሩን ፈትተን ጋማ አደረግንለት፣ ግርማ ሞገሱን ብታዩ። ብቻ አልቆም አለ። በግራ ስናቀናው በቀኝ ይወድቃል። ትዕግስት ሆዷን ደግፋ እየሳቀች ጥቁር ክር አመጣችና ወገቡን፣ አንገቱንና ጅራቱን ከመስኮቱ እጀታ ጋር አሰርነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት ሁላችንም ስንት ዓመት ስንለው ኖረናል፤ በተግባር ያዋልነው ግን ያን ሐሙስ ነው።

አሁን ወደ እኔ ብቻ ሥራ፣ ወደ ፊዮኮው ልምጣ። ሮም ውስጥ አልፎ አልፎ ፖርቶኔ በምንለው የሕንፃው የመንገድ በር ላይ፣ ከሪባንና ከስስ ጨርቅ የተሠራ፣ ትልቅ አበባ የመሰለ ጌጥ ተሰቅሎ ታያላችሁ። ለወንድ ሰማያዊ፣ ለሴት ሮዝ። ፊዮኮ ይሉታል። እኔ ባየሁት ቁጥር «እዚህ ቤት የልጅ ድግስ አለ» እያልኩ ነበር የማልፈው። ማንንም ጠይቄ አላውቅም፣ አዋቂ ይጠይቃል እንዴ? እናም እንግዶቹ ቤቱን እንዳይስቱ፣ አገሩንም እንደማውቅ እንዲታይልኝ፣ ከማን አንሼ ብዬ አንድ ፊዮኮ ሠራሁ። ትዕግስት ሐኪሙን ጾታውን እንዳይነግራት ስለለመነችው፣ ግማሹን ሰማያዊ ግማሹን ሮዝ አደረግኩት። መሃሉ ላይ በሚያምር ጽሑፍ «ፒያኖ ቴርዞ» የሚል የጨርቅ ካርድ ሰፋሁበት፤ ሦስተኛ ፎቅ ማለት ነው። የሰፋሁት በሥራ ቦታዬ ነው። የማስታምማቸው የዘጠና ሁለት ዓመቱ ሲኞር ከወንበራቸው ሆነው ብዙ ካዩኝ በኋላ፣ «ተወለዱ?» አሉኝ። አንዳንዴ ይዘባርቃሉና «ሲ፣ ሲ» ብዬ መስፋቴን ቀጠልኩ። በቤቱ ውስጥ ነገሩ የገባቸው እሳቸው ብቻ እንደነበሩ ያወቅኩት በኋላ ነው።

የድግሱ ሐሙስ ደረሰ። ፊዮኮውን ፖርቶኔው ላይ ሰቅዬ፣ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ብዬ አይቼ፣ በራሴ ኮርቼ ወጣሁ። አሥራ ሁለት ወንበር ደረደርን፣ ሦስቱን ፒዜሪያው አዋሰን። ትዕግስት ቢጫ ቀሚስ ለብሳ አንበሳው አጠገብ ተቀመጠች። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። መጀመሪያ የደወሉት ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ የሚሠሩት ልጆች ናቸው፤ ባቡር የለም። ቀጥሎ የኦስቲያዎቹ ደወሉ፤ ባቡር የለም። ሾፔሮ ነው፣ የትራንስፖርት ሠራተኛው ሥራ አቁሟል። ሾፔሮ መኖሩን አልሰማሁም እንዳትሉኝ። ሰምቻለሁ። «ለስሙ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ባቡሩ ይሠራል» ብዬ ለሁሉም ያረጋገጥኩት እኔው ነኝ። ታዲያ አሥራ አንዱ አንድ በአንድ ይቅርታ እየጠየቁ ስልኩን ዘጉ።

አንድ ሰው ብቻ መጣ። ገረመው ይባላል፣ ኦስቲያ የባሕር ዳርቻ ላይ የሙቀቱን ወራት ጃንጥላ ሲተክልና ሲነቅል የሚውል፣ ጨዋታው ጥቂት የሆነ ሰው ነው። ከኦስቲያ ድረስ ብስክሌት ነድቶ፣ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቆ በሩ ላይ ቆመና ሁለት መዳፉን ዘርግቶ አሳየኝ። «እንደታዘዝኩት ባዶ እጄን ነኝ» አለ። አስገብቼው አንበሳው ጥግ አስቀመጥኩት።

አሥራ አንድ ወንበር ባዶ ነው። አሥራ አንድ ባዶ ወንበር ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ያላየ ሰው አያውቅም። ትዕግስት ወንበሮቹን ከዳር እስከ ዳር አየቻቸውና ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «ምንም አይደል አበራሽዬ» አለችኝ፣ እኔን ልታጽናና። «አንበሳው አለ።» ወደ ማእድ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

በሩ የተንኳኳው ያኔ ነው። ስከፍት ሲኞራ ፒና ናቸው፣ የሁለተኛ ፎቋ ጎረቤት። ሲኞራ ፒና ከሁለት ዓመት በፊት ከእማማ ለተብርሃን ቧንቧ ውኃ ከፈሰሰባቸው ወዲህ ለዚህ ቤት ሰው ሰላምታ አይመልሱም፤ ስለ በርበሬው ሽታ ደግሞ ደረጃው ላይ ለብቻቸው ያጉረመርማሉ። ስለ ጫጫታ ሊከሱን የመጡ መስሎኝ ደነገጥኩ፣ የሚጮህ ሰው እንኳ አልነበረንም። እሳቸው ግን በጫማቸው ጫፍ እየረገጡ ገቡና በሹክሹክታ «የት ናቸው?» አሉኝ። እኔም ለምን እንደሆነ ሳላውቅ በሹክሹክታ «ገና አልመጡም» አልኳቸው፤ ስለ እንግዶቹ የጠየቁኝ መስሎኝ። ይሄኔ ትዕግስት አክብራቸው ከወንበሯ ተነሳች። ሲኞራ ፒና ሆዷን አዩ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኬክ አዩ፣ እንደገና ሆዷን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «ማዶና ሚያ፣ ሁለተኛው ገና ነው?» አሉ።

ልብ በሉልኝ፣ ፊዮኮው ሁለት ቀለም ነው። በሲኞራ ፒና ሒሳብ መንታ ነው፤ ወንዱ ወይም ሴቷ ወጥቷል፣ አንዱ ከውስጥ ቀርቷል፣ እናቲቱም በዚህ መሃል ቢጫ ቀሚስ ለብሳ እንግዳ ትቀበላለች። በሁለት እጃቸው ይዘው አስቀመጧት፣ እግሯን ሌላ ወንበር ላይ ሰቀሉላት፣ እኔን «አሎራ፣ ውኃ አምጪ እንጂ» ብለው ተቆጡኝ። እማማ ለተብርሃን በጣሊያንኛ «ማን ወለደ አለሽ?» ሲሏቸው «በሩ ላይ ፊዮኮ ተሰቅሎ የለ?» አሏቸው። እማማ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«አበራሽ፣ ፊዮኮ የሚሰቀለው መቼ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ድግስ ሲኖር» አልኩ።

«ልጅ ሲወለድ ነው። ተወለደ፣ ኑና እዩ ማለት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ መሬት የለም። ወርጄ ላወርደው ስሮጥ ደረጃው በሰው ተሞልቷል። የመጀመሪያ ፎቆቹ ባንግላዴሾች ከነልጆቻቸው፣ ከላይ የሚኖሩት ሁለት ጡረተኛ ወንድማማቾች፣ ባለፒዜሪያው ራሱ ዱቄቱን ሳያራግፍ፣ ስሟን የማላውቃት አንዲት ነርስ፣ ሁሉም «አውጉሪ፣ አውጉሪ» ይሉኛል፤ እንኳን ደስ ያላችሁ ነው። ሁሉም ደግሞ ስጦታ ይዟል፣ ስጦታውም ጥንድ ጥንድ ነው፣ አንድ ሰማያዊ አንድ ሮዝ። አሥራ አንዱ ወንበር ሞልቶ ወንድማማቾቹ ቆሙ። እውነተኛው ነገር ሲነገራቸው የተናደደ የለም፤ ባለፒዜሪያው እንባው እስኪመጣ ስቆ ሁለት ትሪ ፒዛ ሊያመጣ ወረደ። ልጆቹ ቀጭኔዋን ከበቡ። አንበሳው በሰው ብዛት ሲነቃነቅ ገረመው ክሩን በእጁ ይዞ ቁጭ አለ።

ትዕግስት መጀመሪያ ትስቅ ነበር። ሲኞራ ፒና ቦርሳቸውን ከፍተው ከዚያ በፊት በእጃቸው ሠርተው ያስቀመጡትን ሁለት የሱፍ ቆብ ጭኗ ላይ ሲያስቀምጡላት ግን ሳቋ ቆመ። ጠረጴዛው ላይ ካልሲ፣ መሃረብ፣ ትንንሽ ጫማ ተከምሯል። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ እጇ ሆዷ ላይ ቀረ። ምን እያሰበች እንደሆነ አውቄያለሁ፣ እማማ ለተብርሃንም አውቀዋል። ሳልጠየቅ ያመጣሁት ጣጣ ነው፤ በዚያች ደቂቃ የተሸማቀቅኩትን ያህል ተሸማቅቄ አላውቅም።

እማማ ለተብርሃን ብድግ አሉ። ጉልበታቸውን ይዘው፣ ቆቦቹን ከትዕግስት ጭን ላይ አንስተው፣ አንበሳው እግር ሥር አኖሯቸው። «ይህ የልጁ አይደለም። ልጅ ገና የለንም» አሉ በአማርኛ፣ ቀጥሎም በጣሊያንኛ። «ስጦታው የአንበሳው ነው። የሚሰጠውን እሱ ያውቃል።» እኔ ጎረቤቶቹ ይቀየማሉ ብዬ ስሳቀቅ ሲኞራ ፒና በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። በትውልድ አገራቸው በካላብሪያ፣ እናታቸው ሕፃን ሳይወለድ የሕፃን አልጋ ቤት አታስገባም ነበር። «መንታው ተወልዷል ብዬ እንጂ እኔስ መች አደርገዋለሁ» ብለው ስክሪብቶ ተቀበሉኝና የየስጦታው ወረቀት ላይ ያለውን ጽሑፍ እየሰረዙ «የአንበሳው፣ የአንበሳው» እያሉ ጻፉበት። ሁሉም እየመጣ ስጦታውን አንበሳው ሥር አስቀመጠ፣ ወንድማማቾቹማ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሱት። ትዕግስት ዞራ አየች። ዓይኑን የጨፈነ፣ ጋማው መወልወያ የሆነ አንበሳ በአሥር ጥንድ የሕፃን ካልሲ ተከቦ ቆሟል። ሳቋ መጣ። እስኪመሽ አልተመለሰም።

ከሃያ ቀን በኋላ በሰላም ተገላገለች። ሴት ናት። እኔ ያኔ ሕጉን አውቄያለሁና ሙሉ ሮዝ የሆነ ፊዮኮ ሠርቼ በቦርሳ ይዤ ሐሙሱን ስከንፍ ሄድኩ። ፖርቶኔው ጋ ስደርስ ተቀድሜያለሁ፤ ሲኞራ ፒና በኪሮሽ የሠሩት፣ ከእኔው እጥፍ የሚሆን ፊዮኮ ተሰቅሏል። መሃሉ ላይ «ፒያኖ ቴርዞ» የምትለዋን የእኔን ካርድ ከየት እንዳገኟት እንጃ፣ አጥበውና ተኩሰው ሰፍተዋታል። ላይ ስደርስ እማማ ለተብርሃን ከአንበሳው ሥር ስጦታውን አንድ በአንድ እያነሱ ለትዕግስት ይሰጣሉ፤ እሷም ለአንበሳው «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። ሁሉም ሲያልቅ፣ ሌላው ሰማያዊ ዕቃ ለየባለቤቱ ሊመለስ ተለይቶ፣ ሰማያዊዋ የሱፍ ቆብ ተረፈች። ሲኞራ ፒና መልሰው ሊወስዷት እንቢ አሉ። እማማ ለተብርሃን አገላብጠው አዩዋት፣ ቀጥሎ እኔን አዩኝና አጣጥፈው ያዟት።

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ አውቶቡስ ላይ ቁልፌን ስፈልግ ቆቧን ቦርሳዬ ውስጥ አገኘኋት። ገረመው አጠገቤ ተቀምጧል፤ ሐሙስ ሐሙስ ከኦስቲያ መምጣት አብዝቷል፣ አሁንማ ብስክሌቱን ትቶ በባቡር ነው። ቦርሳዬን ቶሎ ብዬ ዘጋሁት።

ያልተወለደ ልጅ ዕቃ ቀድሞ ቤት አይገባም። ሕጉን አሳምሬ አውቃለሁ። ለእማማ ልመልስላቸው ብዬ ሁለት ሐሙስ ይዣት ሄድኩ፣ ሁለት ሐሙስ ይዣት ተመለስኩ። አሁን መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከወፍራም ካልሲዎቼ ሥር ናት። ወረቀቷን አላነሳሁላትም፤ «የአንበሳው» ይላል።